በነጭ ክር የተያዘው ካፖርት

ጥቅምት 8

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። በዚህ ቤት "ደህና" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ለፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ እረፍት እንመጣለን። አባዬ ትኬቱን ቆርጦ ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤቱን ትቶ ያንቺን ከተማ ማስተዳደር ጀምሯል። ምክትል ርዕሰ መምህር መሆኑን አትርሺ፤ ያየውን ሁሉ በክፍለ ጊዜ ይሸነሽነዋል። ካርታው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ስለቀረ እኛ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው የምንበላው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ድልድዩ፣ ከድልድዩ በኋላ ሙዚየም፣ ከሙዚየሙ በኋላ ሌላ ሙዚየም። "እረፍቱስ?" ስለው "ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ" አለኝ። እማዬ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ትራስ ከታለች። "እዚያ ትራስ የለም?" ስላት "የሰው ትራስ ነዋ" አለችኝ።

ወደ አባትሽ ወደ አባባ ስንመጣ ግን በቀስታ ልንገርሽ። አይመጡም። "ጥላ የሄደችው እሷ፣ ተከትዬ የምሮጠው እኔ?" ነው ያሉት። ይህን ብለው ተነሡና ሱቃቸው ገብተው ለሁላችንም ካፖርት መቁረጥ ጀመሩ። "የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይቆጥራል" ይላሉ። አይተውት እንደማያውቁ እናውቃለን፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር። አባዬን ሲለኩት "የመምህር ትከሻ፤ ከጠመኔ ሌላ ምን ተሸክሞ ያውቃል" አሉት። በፊቴ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን።

ትናንት የእማዬን እጅጌ ሲቆርጡ መቀሱ ትንሽ አመለጣቸው። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና "ይቅርታ" አሉት። ጨርቁን። እኔን በልጅነቴ ጣቴን ካውያቸው ሲያቃጥለኝ "ምን ልትሠሪ እዚያ ሄድሽ?" ያሉ ሰው። እዚህ ቤት መፈጠርስ ጨርቅ ሆኖ ነበር።

ለምን በእጄ ጽፌ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ እንደምልክልሽ ጠይቀሻል። የአባባ ሕግ ነው። "በስልክ የተባለ ነገር ልኬት የለውም፤ ይጻፍ" ብለዋል። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ እናንተ ሁለታችሁ ስልክ ላይ ስትገናኙ ሁልጊዜ አንዳችሁ ጆሮ ላይ ትዘጋላችሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። እንግዲያው በወረቀት ልጠይቅሽ፤ ሥራሽ ምንድን ነው፣ አንቺስ ለምን አትመጪም?

አንድ ምሥጢር ልጨምርልሽ። ተጓዦቹ ሦስት ነን። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ግራጫ ጨርቅ ግን የአራት ሰው ነው። እባክሽ ልኬትሽን ላኪልኝ።

ያንቺዋ ቆንጥር
(ሌላ ስም ነበረኝ፤ አባባ ይህን ካወጡልኝ በኋላ የሚያስታውሰው የለም)


ጥቅምት 15

ቆንጥሬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ የአንሶላ ተራራ ላይ ተቀምጬ ነው። ስስቅ አለቃዬ አንዱ ማሽን የተበላሸ መስሏት እየሮጠች መጣች።

እንግዲህ ጠይቀሽኝ የለ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ሆቴል ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች የሚተኙበትን አንሶላ እተኩሳለሁ። ከአባባ ካውያ አመለጥኩ ብዬ ከካውያ አያት ቤት ገባሁ። ይህን እንዳትነግሪያቸው። ወይም ንገሪያቸው፤ ይሳቁብኝ።

"አንቺ ለምን አትመጪም?" ላልሽው፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ሳያልቅ ከወጣሁ መመለስ የለም።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አልጋው ለአባትሽና ለእናትሽ፤ እኔና አንቺ ወለል ላይ ነን። መስኮቱ ወንዙን ያሳያል ብዬ አልዋሽሽም፤ የጎረቤቱን ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ግን በዓመቱ መጨረሻ መንገዱ ሁሉ መብራት ይለብሳል፤ ግድግዳው ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲንሸራሸርበት ይታያል። ለአባትሽ የድልድዩን ነገር ቀስ ብለሽ አስረጂው። በዚያ ሰሞን ሰው በሰው ላይ ነው፤ ሰልፉ ደወል አይሰማም።

ስለ አባባ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስሄድ አንቺ ገና ትድሂ ነበር፤ ምን እንደተባባልን ማንም አልነገረሽም ይሆናል። ሱቁን እንድረከብ ፈልገው ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ "ዕድሜዬን የሰው እጅጌ ስገጥም አልጨርስም" አልኳቸው። እሳቸው የመለሱልኝን አልጽፈውም። ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሙዚየሙም ድልድዩም ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ በዚህ በር ገብተው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ "ክፍልሽ ጠባብ ነው" ቢሉኝ ይበቃኛል።

ልኬቴ ከታች አለ። ወፍሬያለሁ፤ እንዳትስቂ።

አክስትሽ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሳቅኩ። ይቅር በይኝ።

ልኬትሽን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩና "ይሄ ምንድን ነው፣ የጆንያ ነው?" አሉ። ቀጠሉና "ሰው ራሱን አይለካም። ራሱን የለካ ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል" ብለው ወረቀቱን አጥፈው ካውያው ስር አደረጉት። አሁን ጥግ ጥጉ ተቃጥሏል። ከዚያ ያንን አራተኛውን ጨርቅ አውጥተው፣ ምንም ሳይለኩ፣ ከራሳቸው ቆረጡት። "ትከሻዋን አውቀዋለሁ" ነው ያሉኝ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። የሱቃቸውን ሕግ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ልብሱ መጀመሪያ በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ለጊዜው ይያዛል። ባለቤቱ መጥቶ ይለብሰዋል። አባባ ሦስት ጊዜ ይዞሩትና አንድ ጊዜ ያጉረመርማሉ። የስፌት መኪናው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ለብሶ ያልታየ ልብስ አይጨረስም፤ ሙሽራም ብትሆን፣ መኪና ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ቢነፋም። ያንቺም ካፖርት በነጭ ክር ተይዞ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል።

ምሳ ላይ ነው። ጓደኛቸው ጋሼ ዳኛም ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ ውሳኔ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

"የዚያች ልጅ ካፖርት እንዴት ሊሆን ነው?" አሉ አባባ፣ ማንንም ሳያዩ።

"እኛ እንወስድላታለን" አለ አባዬ።

"በነጭ ክር?"

"እዚያ ታስጨርሰዋለች።"

"ማን ሊለካት? አንተ? አንተ ራስህ ቁልፍ አዛንፈህ የምትቆልፍ ሰው?"

አባዬ ደረቱን አየ። እውነትም አዛንፎ ነበር።

"እንግዲህ" አሉ አባባ፣ "ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ምን ይደረጋል። እሄዳለሁ።"

ጋሼ ዳኛ ማንኪያቸውን አስቀምጠው "የቀረበው ምክንያት በቂ ሆኖ ተገኝቷል" አሉ። እማዬ ዕቃ ላነሳሳ ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ዕቃው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባዬ በነጋታው አራተኛ ትኬት ቆረጠ፤ የቪዛ ማመልከቻቸውንም አስገብቷል።

ከዚህ በታች ያለው ቃል የሳቸው ነው። እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ፤ አትቆጪኝ።

"አንቺ ጉድ። የምመጣው ለመለካት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ሹራብ ደራርበሽ እንዳትጠብቂኝ፣ ልኬት ያበላሻል። ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ድሮም ትጎብጫለሽ። አንሶላ ትተኩሳለች ብላኛለች ይህቺ ቆንጥር። ጠርዙን ነው ወይስ መሃሉን አስቀድመሽ የምትተኩሺው? መሃሉን ከሆነ ያስተማርኩሽን ረስተሻል።"

ቆንጥር


ኅዳር 4

ቆንጥሬ፣

ጠርዙን ነው። ንገሪያቸው። ሁልጊዜ ጠርዙን ነው።

ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። አለቃዬ ወገብሽን አሞሻል ወይ አለችኝ። ከታች ቤት ካለች ጎረቤቴ አንድ ፍራሽ ተውሻለሁ፤ አባባ መስኮቱ ጋ፣ ማሞቂያው አጠገብ ይተኛሉ። ደረጃው ብዙ ነው፤ በየፎቁ የሚያርፉበት ወንበር አስቀምጣለሁ። ደክሟቸው እንዳይመስላቸው ዕቃ ማስቀመጫ ነው በያቸው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ቆይ፣ አትጠይቂያቸው። እሺ ጠይቂያቸው፣ ግን ደህና ስሜት ላይ ሲሆኑ። ያን ቀን በሩ ላይ ያሉኝን፣ ዛሬም ከልባቸው ነው ወይ?

አክስትሽ


ኅዳር 12

አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ ፎቶ አላነሳውም። ጽፌው መሳቢያ ውስጥ ነው የማስገባው።

አባባ ሞቱ። ትናንት ጠዋት፣ ሱቃቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ። ለቁርስ ልጠራቸው ገባሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ ነው። "አባባ፣ ደንበኛ መጥቷል" አልኳቸው። ለዚህ ቃል ከመቃብርም ይነሣሉ እያልን እንቀልድ ነበር። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ እማዬ መጣች።

ጥያቄሽን አልጠየቅኳቸውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ ደህና ስሜት ላይ የሚሆኑበትን ቀን ስጠብቅ። እሳቸውን። ደህና ስሜት። ጅል ነኝ።

ቤቱ ሰው ሞልቷል፤ የተዋስነው ወንበር እስከ ሱቁ በር ድረስ ደርሷል። አንቺ ጋ ማን ይደውል የሚለው ሲነሣ ሁሉም ጫማውን አየ። አባዬ "ብቻዋን ናት" አለ። "መጥታ አትቀብር፣ ወረቀቱ ይዟታል። አብሯት የሚያለቅስ የለ። ምድር ቤት ውስጥ፣ ካውያ በእጇ ይዛ፣ በስልክ ትስማው?" ጋሼ ዳኛ አሰቡና ወሰኑ። ጉዞው አይቀርም። ሁላችንም እንሄዳለን፤ ደጃፍሽ ደርሰን፣ አቅፈን ነው የምንነግርሽ። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። ያንን ደረቅ ድምፅ የሚሰብር ነገር አለ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

"እስከዚያ አንቺ ትጽፊላታለሽ" አለ አባዬ። "ቀልዱን የምታውቂበት አንቺ ነሽ።"

ተመልከቺ እንግዲህ። ውሸት ነውር ነው እያሉ አሳድገውሽ፣ ውሸት ሲቸግራቸው ካንቺ ሊበደሩ ይመጣሉ።

ካፖርትሽ መስቀያው ላይ ነው። ማንም አልነካውም።


ኅዳር 18

ይድረስ ለአክስቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። አባዬ ስልክ ያላነሣልሽ ኔትወርኩ አስቸግሮን ነው። እማዬም ያላነሣችው በዚያው ምክንያት ነው። አባባ ደህና ናቸው። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ይህ ለቤቱ እረፍት ሆኗል፤ የሚሰድበን ሰው አጥተናል።

ጠርዙን ነው ማለትሽን ነግሬያቸዋለሁ። ደስ ብሏቸዋል።

ያንን ጥያቄሽንም ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ይኸው፤ ቃል በቃል ነው።

"ውድ ልጄ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ያልኩሽ ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም። ልብሽን ስለሰበርኩት ይቅር በይኝ። እኔም ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። በሰላም ያገናኘን። የሚወድሽ አባትሽ።"

እንግዲህ ይኸው። ሽማግሌው ጉንፋን ሲይዛቸው እንዲህ ይለሰልሳሉ።

ቆንጥር


ኅዳር 20

ቆንጥሬ፣

ቃላቸው ደርሶኛል። አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ።

ሙቅ ነገር ይጠጡ። አውሮፕላኑ ላይ መስኮቱ ጋ አስቀምጧቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት። አንቺ ግን ሌላ የሚሉት ካለ ጻፊልኝ። ረጅም አድርገሽ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 29

ይድረስ ለአክስቴ፣

አዎ፣ መስኮቱ ጋ ናቸው። መነጽራቸውም በእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው። አዎ፣ በደረጃው ማረፊያ ስላለው ወንበር ነግሬያቸዋለሁ፤ "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብለዋል።

አባዬ ፕሮግራሙን አሻሽሎታል። ካርታው ከጠረጴዛው ተነሥቷል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አሁን ምንም የለም፤ ባዶ ነው። "ምን ልናደርግ ነው?" ስለው "ቤት እንውላለን" አለኝ። ድልድዩ የለም፣ ሙዚየሙ የለም። እማዬም ትራሱን አውጥታ በቦታው መሐረቦች ከታለች። ይህን ያህል መሐረብ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ እዚያ ብርዱ አፍንጫ ያፈስሳል ብላለች።

ካፖርትሽን ሻንጣ ውስጥ አናጥፈውም፤ ነጩ ክር ይበጠሳል። በአራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ቀበቶም እናስርለታለን። አስተናጋጇ ምን ይጠጣል ብላ ብትጠይቅ አባዬ ምን እንደሚል ለማየት ጓጉቻለሁ።

አባባ ሰላም ይሉሻል። ሁልጊዜ ያስቡሻል። በጣም ይወዱሻል።

ቆንጥር


ታኅሣሥ 3

ቆንጥሬ፣ የኔ ዓለም፣

ተቀመጪ። እናትሽንም ጥሪያትና አጠገብሽ ትሁን።

አራት ትኬት፣ አራት ሰው፣ ከዚያ ደግሞ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ካፖርት። አባትሽ ለሂሳብ አስተማሪው እንዳይነግርብሽ።

እኔ ግን ከዚያ በፊት ነው ያወቅኩት። ኅዳር 18 የጻፍሽው ሲደርሰኝ፣ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ነው ያነበብኩት። "ይቅር በይኝ" የሚለው ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ። አባባ ለሰው ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም። እናቴን እንኳ፣ በመጨረሻዋ ቀኗ፣ ትራሷን እያስተካከሉ "ምነው እንዲህ ተንጋደድሽ" ነው ያሏት። ይቅርታ የሚሉት ጨርቅን ብቻ ነበር። "ውድ ልጄ" ብለው የጻፉልኝ ቀን የለም፤ እኔ ጉድ ነኝ። የቃሉ ባለቤት በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያንን ደብዳቤ ቀዶ ይጥልብሽ ነበር።

ለምን ዝም አልሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ካፖርቱን እስክትጽፊልኝ ድረስ፣ ተሳስቼ ይሆናል የምትል አንዲት ክር ነበረችኝ። ደግሞም ከጠየቅኩሽ ደብዳቤው ይቆማል። የሐሰትም ቢሆን፣ "አባባ ሰላም ይሉሻል" የሚል ወረቀት በየሳምንቱ እንዲመጣልኝ ፈለግኩ። አንቺ ለእኔ ስትዋሺ እኔም ለአንቺ ዋሸሁ። የአንድ ቤት ልጆች ነን።

አልተቆጣሁሽም። የላክሽልኝ መስማት የምፈልገውን ነው። ጥፋትሽ እሱ ብቻ ነው፤ እሳቸው መስማት የምፈልገውን ብለውኝ አያውቁም።

ለአባትሽ ንገሪው። እኔ አልቅሻለሁ፤ ጎረቤቴ አብራኝ ነበረች፤ ብቻዬን አልነበርኩም። በር ላይ እንደ መርዶ ነጋሪ ተሰልፋችሁ እንዳትቆሙ። ግቡና እንቀመጥ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከመምጣትሽ በፊት አንድ ጊዜ ጻፊልኝ፣ በሳቸው አፍ። ግን እሳቸውን አድርገሽ። ጣፋጩን ተዪው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለአክስቴ፣

ደብዳቤሽን ለሁሉም አነበብኩላቸው። አባዬ አለቀሰ፣ ቀጥሎ የዋሸሁበትን መንገድ ነቀፈ፤ "አራተኛውን ወንበር ምን አስጻፈሽ?" እያለ። ጋሼ ዳኛ "ተከሳሿ ገና ልጅ መሆኗ ይታይላት" አሉ። እማዬ ትራሱን መልሳ ከተተችው።

ኅዳር 12 የጻፍኩትን፣ ያልላክሁልሽን፣ ይዤው እመጣለሁ። እዚያ ታነቢዋለሽ።

የለመንሽኝን ግን ይኸው፦

"አንቺ ጉድ። ይህ ሁሉ ደረጃ ምንድን ነው፣ ወፍ ነሽ? ወንበሩን ለእኔ እንዳስቀመጥሽው አውቄያለሁ፤ አልቀመጥበትም። ክፍልሽ ጠባብ ነው። መስኮቱም ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ለዚህ ነው አገር ያቋረጥሽው? ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እጅሽን ዘርጊ። ወፍረሻል፤ ደግ አደረግሽ፣ ስትሄጂ መስቀያ ነበርሽ። አትንቀሳቀሺ አልኩ። አታልቅሺ፣ ጨርቁ ይረጥባል።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ ይህኛው የኔ ፈጠራ አይደለም።

ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ሱቁ በር ላይ ጫማዬን እፈታ ነበር። አላዩኝም። ካፖርትሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል። መቀሱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ በእጃቸው ምንም አልነበረም። ትከሻው ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ዳበስ ዳበስ አደረጉትና "ይቅርታ" አሉ።

ያኔ አልደነቀኝም። ሽማግሌው ደግሞ ምኑን አበላሹት ብዬ በሆዴ ስቄ አለፍኩ።

ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ካፖርቱን አወረድኩት። ትከሻውን አየሁ፣ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ገበሩን ገልብጬ አየሁ። ጋሼ ዳኛም መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የተዛባ ነገር የለም።

ይዤልሽ እመጣለሁ። ስሕተቱን አንቺ ፈልጊው፤ እኔ አጣሁት።

ቆንጥር